ማክሰኞን የሰፋው ጠራዥ

የሰውየው ሥራ ጋዜጣ መጠረዝ ነው። በከተማው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ተቀምጦ፣ ያለፈውን የሦስት ወር ጋዜጣ በቀን ተራው ይደረድራል፣ በወስፌ ይበሳል፣ ሰም በተቀባ ክር ይሰፋል፣ ጀርባውን ሙጫ ቀብቶ ወፍራም ካርቶን ያለብሳል። ምን አላት ይቺ ሥራ የሚል ካለ መጥቶ ይሞክራት! የጋዜጣ ወረቀት ስስ ነው፤ ወስፌው ትንሽ ሲበዛበት ይቀደዳል፣ ሲያንስበት ክሩ አያልፍም። እሱ ግን ዐይኑን ጨፍኖም ይሰፋዋል ይባልለት ነበር።

ሰፈርተኛውም ባልደረባውም የሚጠራው «ጋሽ እሱ ያውቃል» እያለ ነው። ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። ዝናብ ቢዘገይ «እሱ ያውቃል»፤ ደመወዝ ቢዘገይ «እሱ ያውቃል»፤ በሩቅ አገር ንጉሥ ከዙፋኑ ቢወርድ «እሱ ያውቃል»። አንድ ቀን ሚስቱ ቁልፍ ይዛ ወጥታበት በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ ጎረቤቱ «ጋሼ፣ መቼ ትመጣለች?» ብትለው የተለመደውን መለሰላት። እሷም «እሱ ማወቁንስ ያውቃል፤ እርስዎ ግን በር ላይ ቆመው መቅረትዎ ነው» ብላ ሰፈሩን በሳቅ አፈረሰችው።

ነገሩ ግን የአፍ ልማድ ብቻ አልነበረም፤ ከልቡ ያምንበታል። የዓለምን ወሬ በእጁ ሲዳስስ የኖረ ሰው ነው። ዛሬ በፊተኛው ገጽ ደረቱን ነፍቶ የቆመ ባለሥልጣን፣ ከሦስት ጥራዝ በኋላ በመጨረሻው ገጽ ጥግ በሁለት መስመር ሲቀበር አይቷል። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሲያስተምር ባቢሎንን ይጀምርና በፋርስ አድርጎ ሮም ይደርሳል። «ገዢ የሚያወጣውም የሚያወርደውም አንድ ነው፤ እነሱ በጉልበታቸው የወጡ ይመስላቸዋል እንጂ። ታሪክ ባለቤት አለው» ይላል። ሰውም አፉን ከፍቶ ይሰማዋል።

ለእምነቱ ዋጋ ያልከፈለ ሰውም አይደለም። ድሮ፣ መንግሥት የተለወጠ ሰሞን፣ ሁለት ታጣቂዎች ወደ ምድር ቤቱ ወርደው የቀድሞው ገዢ ፎቶ ያለበትን እትም ሁሉ ከጥራዙ ገንጥለህ አውጣ አሉት። መነጽሩን አወለቀና «ጌቶቼ፣ ያንን ቀን ያመጣውም ያሳለፈውም እግዚአብሔር ነው። እኔ ማን ነኝና ቀን እገነጥላለሁ? የእናንተም ቀን ሲያልፍ በዚሁ መርፌ ነው የምሰፋው» አላቸው። ይህቺ መልስ አሥራ አንድ ቀን አሳሰረችው። ተፈትቶ የመጣ ዕለት ቤቱ ሳይገባ ምድር ቤቱ ወርዶ ካቆመበት ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ይህ ታሪክ ሳይነሣ የሚያልፍ እሑድ የለም ማለት ይቻላል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ውሎ ሲያድር ታሪኩን ሳይወዳት አልቀረም። ሰው ጽናቱን መውደድ የጀመረ ለት፣ ለአምላኩ ይጽና ለስሙ መለየት ያቅተዋል።

ይህ ሰው አንድ ልጅ ነበረው። ልጁ ቀጭን ስለነበር፣ ደግሞም ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ስለሚሰፋ፣ «መርፌ» ይሉታል። ግራኝ ነው። አባቱ ቋጠሮውን በቀኝ ሲያሳርፍ የእሱ በግራ ይወድቃል፤ ፊደሉም ሲጽፍ ወደ ግራ ይዘማል። «ይሄ ልጅ አገሩን ሁሉ ወደ ግራ ሊያዘምብን ነው» እያለ አባቱ ይቀልድበታል፤ «አይ አባዬ፣ አንተ ወደ ቀኝ ስትጎትተው ቀጥ ይላል» ይላል ልጁ። መደርደሪያው ላይ ካሉት የአሥር ዓመት ጥራዞች ግማሾቹ ቋጠሯቸው በግራ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መርፌ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበርና የዘመቻው ጥሪ በስሙ ደረሰው። በሦስተኛው ቀን የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ነገር የማታበዛ ደግ ሴት፣ አንድ ቅጽ ይዛ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች።

«ጋሼ፣ መዛግብት የሚጠብቁ ሠራተኞች ከዘመቻው ነፃ ናቸው» አለችው። «ልጁ እዚህ ሲሰፋ አሥር ዓመት አይቼዋለሁ። ቅጹን ይሙላው፣ እርስዎ ይፈርሙበት፣ እኔ ማኅተም አደርግበታለሁ።»

መርፌ በማግስቱ ሞልቶ አመጣው። ሙጫ እንዳይነካው ከቆርቆሮው ራቅ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረውና፣ ተቀምጦ ክር ሰም መቀባት ጀመረ። ፈርምልኝ አላለም። የአሥራ አንዱን ቀን እስር በቃሉ የሚያውቅ ልጅ በምን አፉ ይበል!

አባት ወረቀቱን አነሣው። ከላይ በትልቁ «የሠራተኛ ማረጋገጫ» ይላል። ኋላ ራሱ እንደተናገረው እጁ እስክሪብቶው ጋ ደርሶ ነበር። ግን አርዕስቱ ላይ ቆመ፤ ከእሱ በታች ያለውን በቅጡ ሳያነብ ቆመ።

«አንተ እኮ ሠራተኛ አይደለህም ልጄ» አለው።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ነኝ» አለ መርፌ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «ግን አባዬ፣ አሥር ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ነው።»

«ሐሰት ነው። የዓለምን ታሪክ በእጁ የያዘ አምላክ አንተን ለመጠበቅ የእኔ የሐሰት ፊርማ አያስፈልገውም። ቀንህን እሱ ያውቃል።»

ልጁ ክሩን በሰሙ ላይ መሳቡን አላቋረጠም። «እሺ አባዬ» አለ። አባት ቅጹን መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ሰው ይፈርድበት ይሆናል፣ ይፈርድለትም ይሆናል። ቤት ሲገቡ የሆነውን ግን ምን ልንለው ነው? ሚስቱ በልብስ ንጽሕና ቤት ልብስ ተኳሽ ናት፤ ቀኑን ሙሉ በካውያ ፊት ቆማ የምትውል፣ ነገር አዙራ የማትናገር ሴት። ገና ከበሩ «ፈረምክለት?» አለችው። ዐይኗን አየና ፈራ። ያ ታጣቂ ፊት ቆሞ መነጽሩን ያወለቀው ጀግና ሚስቱን ፈራ።

«ራሱ አልፈልግም አለ» አላት። «በወረቀት አልደበቅም፣ ቀኔን እሱ ያውቃል አለ።»

ወይ ጉድ! የሐሰት ወረቀት አልፈርምም ያለው ሰው በምሽቱ ሐሰት ተናገረ፤ ያውም የራሱን ቃል በልጁ አፍ ከትቶ። እናት አላመነችም። ማዕድ ላይ ልጇን ቀና ብላ አየችውና «እውነት ነው? አንተ ነህ የተውከው?» አለችው። መርፌ ዳቦውን እንደያዘ አባቱን ተመለከተ። ረጅም አይደለም፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ «አዎ እማዬ፤ እኔ ነኝ የተውኩት» አለ። አባቱም አቀርቅሮ ጎረሰ።

መርፌ በዘመተ በአራተኛው ወር ሞቱን የሚያረዳ ደብዳቤ መጣ። የሞተው ማክሰኞ ቀን ነው፤ ከዚያ ሌላ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አልተጻፈበትም።

ቤቱ በሰው ተሞላ። እናት ሶፋው ጥግ ተቀምጣ፣ ለገባ ለወጣው ሁሉ አንዲቱን ነገር ትደጋግማለች፤ «ልጄ እኮ ተገዶ አይደለም። ቅጹ በእጁ ነበር። ራሱ ነው በወረቀት አልደበቅም ያለው። አምላኩን አምኖ ነው የሄደ።» ሰውም «እሰይ፣ የአባቱ ልጅ!» እያለ እንባውን ይጠርጋል። ቀጥ አድርጋ ያቆመቻት ይህቺው ነገር ብቻ ናት። ባልየው አጠገቧ ተቀምጦ በሰማ ቁጥር ልንገራት ይላል፤ መልሶ ደግሞ የያዘችውን ምርኩዝ ነጥቄ በምን ልትቆም ነው ይላል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው። እሑድ አዳራሽ መሄዱንም ተወ። «እሱ ያውቃል» የሚለው ቃል እንደ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረ፤ አይወጣ፣ አይዋጥ።

በዚህ መካከል የሦስት ወሩ ጋዜጣ መጠረዣው ደረሰ። ደረደረው። እስከዚያች ሰኞ ድረስ ያለውን ሰፋ፤ ከረቡዕ ወዲያ ያለውንም በስቶ አዘጋጀ። ልጁ የሞተባት ማክሰኞ ጠረጴዛው ዳር ብቻዋን ቀረች። ሦስት ሳምንት እንደዚያው። ጋዜጣው አመሻሽ ላይ የሚወጣ በመሆኑ የዕለቱ ወሬ በዕለቱ አለበት፤ ሰውየው መላልሶ አንብቦ በቃሉ ወጥቶታል። በሩቅ አገር አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ቃለ መሐላ ፈጸመ። አንድ ድልድይ ተመረቀ። ሁለት ቡድኖች አቻ ወጡ። ሦስት ሰዎች መታወቂያ ጠፋብን ብለው አስነግረዋል። ስለ ልጁ ግን አንድ ፊደል የለም።

«ጌታዬ» አለ አንድ ቀን፣ በሩን ዘግቶ፣ ወረቀቱ ላይ ተደፍቶ። «ስንቱን ስታወጣ ስታወርድ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰፋሁልህ። በዚህችም ቀን አንዱን አውጥተሃል፤ ይኸው ፎቶው። የእኔ ልጅ ንጉሥ አልነበረም። ዙፋን አልጠየቀህም። አንድ ነበር።» ኀዘኑን የሚሰማው የጥራዝ መጭመቂያው ብረትና የሙጫው ቆርቆሮ ብቻ ሆነ።

በማግስቱ ምሳውን ረስቶ ወጥቶ ነበር። ሚስቱ በምሳ ሰዓቷ ዳቦና እንቁላል በሳህን ይዛ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ስትመጣ ከስንት ዓመቷ መሰላችሁ! ሳህኑን አስቀምጣ ጠረጴዛውን አየች፤ ብቻዋን የቀረችውን ጋዜጣ፣ ከዚያም ቀኑን አየች።

«የዚያን ቀን ናት?»

«ናት።»

ቁጭ ብላ አነበበች። በካውያ በጠነከረው ጣቷ መስመር በመስመር፣ ድልድዩንም፣ ኳሱንም፣ የጠፋውን መታወቂያም አልዘለለችም። ስትጨርስ አጥፋ አስቀመጠቻት።

«ሰው መታወቂያው ሲጠፋ ይጻፍለታል» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ያቺ ቅጽ አለች? የተዋት ቅጽ። ባዶም ብትሆን ስጠኝ። ትቻለሁ ያለባት ስለሆነች መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አኖራታለሁ።»

ጠፋች ቢላት ያበቃ ነበር። ጥያታለሁ፣ አላውቃትም፣ ኃላፊዋ ወስዳታለች፤ ሰበብ ሞልቷል። ማንም አይጠይቀው። እሷም ምርኩዟን ይዛ ትኖር ነበር። ሰውየው መሳቢያው እጀታ ላይ እጁን አኑሮ ቆመ። ፊት ለፊቱ መደርደሪያው ላይ፣ አልገነጥልም ብሎ የታሰረበት ጥራዝ ተቀምጧል። ከገዛ ቤቱ ግን አንዲት ቀን ገንጥሎ አውጥቷል፤ እሱው ራሱ፣ ማንም ሳያስገድደው። መሳቢያውን ሳበ።

ሚስቱ ወረቀቷን ተቀበለችና ባዶ አለመሆኗን አየች። ፊደሎቹ ሁሉ ወደ ግራ ዘምመዋል። ለእናት የልጇን ጽሑፍ ማን ይነግራታል! ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ስሙን አነበበች፤ ዕድሜውን አነበበች። ከዚያ ድምፅዋን አውጥታ ቀጠለች።

«የሥራው ዓይነት፦ ጋዜጣ መስፋት። የሥራ ቀን፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ። ደመወዝ፦ የለም። የሠራበት ዘመን፦ አሥር ዓመት።» ቀና አለች። «ይሄን የሞላው እሱ ነው።»

«እሱ ነው።»

«ፈልጎ ነበር።»

«ፈልጎ ነበር» አለ። «እኔ ነኝ ያልፈረምኩለት። ሐሰት ነው ብዬ።»

«ሐሰቱ የቱ ጋ ነው?» ወረቀቷን ዘረጋችለት። «አሳየኝ። ቅዳሜ ብቻ ይላል። ደመወዝ የለም ይላል። ሐሰቱን በጣትህ አሳየኝ!»

መነጽሩን አደረገ። ያን ቀን አርዕስቱ ላይ ቆሞ ያላነበበውን አሁን አነበበ። ልጁ ምንም አልጨመረም፣ ምንም አልቀነሰም። ሰውየው ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ አጣ።

«ማዕድ ላይ ስጠይቀው እኔ ነኝ የተውኩት ያለኝስ?»

«እኔን ከፊትሽ ሊያተርፈኝ ነው።»

እናት የወረቀት እስሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። በለቀስተኛ ፊት የሚለቀስ ለቅሶ አልነበረም፤ ከሆድ የሚወጣ፣ ድምፅ የሌለው፣ ትከሻ ብቻ የሚያንቀጠቅጥ። እሱ አልተጠጋትም፤ በምን ፊቱ! ሲወጣላት በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

«እሱስ ያውቃል» አለች። «ያውቃል እኮ! እኔም አምናለሁ፤ የሰማዩም የምድሩም ነገር በእጁ ነው። አንተ ግን አታውቅም ነበር። ልጄን በምን ሊጠብቀው እንዳሰበ አታውቅም ነበር። ያቺን ሴት ቅጽ አስይዞ ደረጃ ያስወረዳት እሱ ቢሆንስ? ደጅህ ድረስ ልኮልህ ቢሆንስ? የእሱን እውቀት ለራስህ ወስደህ በልጄ ላይ ፈረድክ። አላውቅም ማለት ምን ገደለህ? አንድ ቀን አላውቅም ብትል ምን ነበረበት?»

«አላውቅም» አለ።

ያን ቃል ከአፉ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው። «በእሱ ፈቃድ ይሁን በእኔ ጥፋት፣ አላውቅም። እሱ ልኳት እኔ መልሻት ይሁን፣ አላውቅም። የዓለምን ነገር ሁሉ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ የገዛ ልጄን ወረቀት አላነበብኩም።» እስክሪብቶውን አነሣና ወደ ቅጹ ሄደ፤ ወደዚያች ባዶ መስመር።

ሚስቱ እጁን መታችው። «እንዳትነካት! አሁን ለማን ነው? እንደነበረች ትሁን።» ወረቀቷን ማክሰኞ ላይ አስቀመጠቻት። «ስፋት። ለገዢ ብዬ ቀን አልገነጥልም ያልክ ሰው አይደለህ? የአንተም ቀን ናት። ስፋት።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ዐይኑን ጨፍኖ ይሰፋል የተባለለት ሰው ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባልህ አለው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ሞከረ። ሚስቱ ተቀብላው አስገባችለት። አዝናለት አይደለም፤ እንዲያልቅ ነው። ሰኞን፣ ማክሰኞን፣ ቅጿን፣ ረቡዕን አከታትሎ ሰፋ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ወደ ቀኝ የለመደ እጁን ይዞ ቆመ፤ ከዚያ ቋጠሮውን እንደ ምንም ብሎ በግራ በኩል አሰረ። ያማረ ቋጠሮ አልነበረም፤ ልጁ ቢያየው ይስቅበት ነበር።

ሚስቱ ያን ዕለት እኅቷ ቤት ሄደች። ወር ከምናምን ቆይታ ተመለሰች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም፣ እሱም አልጠየቀም። ሻይ አፍልታ ሁለት ብርጭቆ አቀረበች፤ ጠጡ።

እሑድ አዳራሹ ገብቶ ዳር ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመረ። አስተምረን ሲሉት እንቢ እያለ ቆየና አንድ ቀን ተነሣ። ባቢሎንንም ሮምንም አላነሣም። «ታሪክ ባለቤት አለው፤ ይህን አልክድም» አለ። «ባለቤቱ ግን እኔ አይደለሁም። ወረቀት ሲመጣላችሁ አንብቡ።» ተቀመጠ። ገሚሱ ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባውም።

ሌላ ቀን ያቺ ቀልደኛ ጎረቤት ከሩቅ የመጣች ዘመዷን ይዛ ቤታቸው ገባች። ግድግዳው ላይ ያለውን የመርፌን ፎቶ እያሳየች፣ «ይኸውልሽ፣ ይሄ ነው ቅጽ ተሰጥቶት በወረቀት አልደበቅም ብሎ በገዛ ፈቃዱ የዘመተው» አለቻት። እንግዳዋም ከንፈሯን መጠጠች።

«የለም እትዬ» አለች እናት፣ ብርጭቆውን እያስቀመጠች። «ልጄ መቅረት ፈልጎ ነበር። መኖር ፈልጎ ነበር።»

ጎረቤቷ ግራ ገብቷት ወደ ባልየው ዞረች፤ «ጋሼ?» አለችው። ድሮ በዚህ ጊዜ የሚላት ቃል ነበረችው፤ ሁሉም ያውቋታል።

«አዎ፤ ፈልጎ ነበር» አለ። «ጽፎ ሰጥቶኝ ነበር፤ ያልፈረምኩለት እኔ ነኝ።»